አዙሪቱ፣ ቂመኛውና ዱቄቱ

ባለፈው ሳምንት ከመንዲ ወደ ባምባሲ ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አዲስ ነበር። ወደ ዳቡስ ወንዝ የሚወስደውን ቁልቁለት ስንጀምር እንደ ልማዴ የፊቴን ወንበር ጨብጬ የፍሬን ሸራ ሽታ ጠበቅሁ። በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው ያንን ሽታ ያውቀዋል፤ የተቃጠለ ጎማና የተቃጠለ ፀጉር የተቀላቀሉበት ነው። ሽታው ግን አልመጣም። ሹፌሩ ከመሪው ሥር ያለች ትንሽ እጀታ በጣቱ ገፋ አደረገና እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ። ያ ሁሉ ሰውና ጓዝ የጫነ አውቶቡስ አንድ ትልቅ እጅ ከኋላው የያዘው ይመስል ቀስ ብሎ ወረደ።

አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ዓይኑ ፈጠጠ። "ፍሬን ሳትረግጥ እንዴት ነው የያዘልህ?" ብሎ ጮኸ።

"በማግኔት ነው፣ ወንድሜ" አለ ሹፌሩ። "አይነካካም፣ አያልቅም።"

"የማይነካካ ነገር እንዴት ይይዛል?"

ሹፌሩ ትከሻውን ነቀነቀ። መልሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬን የበላሁት እሱኑ ሳስተምር ነው። ግን አፌን አልከፈትኩም። ወጣቱ የጠየቀውን ጥያቄ እኔም በሱ ዕድሜ ሳለሁ፣ አሶሳ፣ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ በሚደበድብበት ወርክሾፕ ውስጥ ጠይቄዋለሁ። ያን ቀን የተሰማኝ ነገር ተመልሶ መጥቶ ደረቴን ሞላው።

የኤሌክትሪክ መስመር አሶሳ ከደረሰ ብዙ አልቆየም ነበር። እኔ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ተማሪ ነበርኩ። ወርክሾፓችን ከማንጎ ዛፎች ሥር የቆመ ረጅም ቤት ነው፤ ማንጎ በሚበስልበት ወቅት ፍሬው ጣሪያው ላይ ሲወድቅ መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። እዚያ የተቃጠሉ ሞተሮችን የድሮ ሽቦ አውጥተን በአዲስ የመዳብ ሽቦ እንጠቀልላለን። ጠቅልለን ስንጨርስ ደግሞ ጭነት መቻሉን መፈተሽ አለብን፤ ፍተሻው ነበር ጉዱ። በሞተሩ ፑሌ፣ ቀበቶ በሚጠልቅበት መዘውር ላይ ወፍራም የቃጫ ገመድ እንጠመጥማለን። አንዱን ጫፍ ከሚዛን ጋር እናስራለን፣ ሌላውን ሁለት ጎረምሶች ይጎትታሉ፣ አንድ ሰው እንዳይቃጠል ውሃ ያፈስበታል። ገመዱ ይጨሳል፣ ውሃው ይንተከተካል፣ ብዙ ጊዜም ገመዱ ይበጠስና ጎታቾቹ በጀርባቸው ጭቃ ላይ ይዘረጋሉ። በክፍሉ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበርን፤ የፍተሻውን ቀን እንደ ዓመት በዓል ነበር የምንጠብቀው።

መምህራችን ገመቹ የመንዲ ሰው ነው። ረጅም፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ፣ ሥራ ሲሰምርለት የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚያንጎራጉር። እኔን "ኢንተላ ኮ" ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው። ገመዱ በተበጠሰ ቁጥር ጥግ ላይ ወደተከመሩት ሦስት የእንጨት ሳጥኖች ያይና ይተነፍሳል። ሳጥኖቹ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ፣ መግለጫቸው ግን በመንገድ የጠፋ የሞተር መፈተሻ ፍሬኖች ናቸው። አንድ ቀን እከፍታቸዋለሁ ይላል። ያንን ቀን ያመጣው የእናቴ ሞተር ነው።

እናቴ ሐዋ በባምባሲ በኩል ባለው መንደራችን የሴቶች ማኅበሩ ሰብሳቢ ነበረች። ማኅበሩ የናፍጣ ወፍጮ ነበረው፤ አንቀሳቃሹ አቶ ሙሳ ይባላል። መስመሩ ወደኛ ሲዘልቅ እናቴ በስብሰባ ላይ ተነስታ ናፍጣውን ሸጠን ወደ ኤሌክትሪክ እንዙር አለች። የተገኘው ሞተር ያገለገለና ጥቅልሉ የተቃጠለ ነበር። "ልጄ ትጠቀልለዋለች" አለች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አቶ ሙሳ ተቃወመ። "ናፍጣው ሲታመም ሳሉን ሰምቼ አውቃለሁ። ያኛው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነው። ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ?" አለ። ቢሆንም እናቴ አሸነፈች፤ አንድ ነጋዴ ናፍጣውን ጭኖ ወደ ኩርሙክ ወሰደው። ክረምቱ ገብቷል፣ ጅረቶቹ ሞልተዋል። ይሄ ሞተር ካልሠራ የመንደሩ ሴት ሁሉ ማሽላዋን በራሷ ተሸክማ፣ ያንን ጭቃ እየረገጠች እስከ ባምባሲ ልትሄድ ነው። ይህ እንዳይሆን የእናቴ ቃል ብቻ ነበር የቆመው፤ ቃሏ ደግሞ የተንጠለጠለው በኔ እጅ ላይ ነው።

ሞተሩ በአይሱዙ መጣ፤ ብቻውን ግን አልመጣም። እናቴና አሮጊቷ አሻ ከሌሎች ሴቶች ጋር አጅበውት መጡ፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት እንደሚያስታምም ሰው ስንቅ ይዘው። ጠቅልለን እስክንጨርስ በየቀኑ እየተፈራረቁ በር ላይ ይቀመጣሉ። የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ይዘው ይመጣሉ፣ ለኛም ይተርፋል። በመንደራችን አስተማሪ ሁሉ ኡስታዝ ነውና ጴንጤውን መምህሬንም ኡስታዝ ብለው ጠሩት። እሱም ወደደው መሰለኝ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ "አቤት" ይላል።

"ኡስታዝ፣ እሱ ዛሬ ይሻላል?" ትለዋለች አሻ ጠዋት ጠዋት፣ ወደ ሞተሩ እያመለከተች። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ነው።

"ይሻለዋል እናቴ። ትኩሳቱ ወርዷል።"

ሴቶቹ ሞተራቸው በገመድና በሚዛን ሲሰቃይ ማየት የለባቸውም አለ መምህር ገመቹ፤ አንዱን ሳጥን ከፈተ። ከመጀመሪያው ሳጥን የወጣው እንደ ድፎ ዳቦ ድስት ሰፊ የሆነ የብረት ዲስክ ነው፣ ዙሪያውን በትላልቅ የሽቦ ጥቅልሎች የተከበበ። ከማብራራቱ በፊት አንድ ወፍራም የመዳብ ዝርግ ሰጠኝና የወርክሾፑን ትልቅ ኤሌክትሮማግኔት አበራ። "ማግኔት መዳብ ይስባል?" አለኝ። አይስብም አልኩት። መዳቡን አስጠጋሁት፣ እውነትም ዞር ብሎ አላየውም። "እንግዲያው በመሃሉ አሳልፊው።"

አሳለፍኩት። እጄ ማር ውስጥ የገባ መሰለኝ። ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ በመዳቡና በማግኔቱ መካከል አየር ብቻ ነው፤ ግን መዳቡን የሆነ ነገር ያዘው። ጠንክሬ በገፋሁት መጠን ጠንክሮ ይይዘኛል። ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር። አላህ በሠራው ዓለም ውስጥ ሳልነካው የሚነካኝ ነገር እንዳለ ያን ቀን በእጄ አወቅሁ።

"የማይነካኝ ነገር እንዴት ይይዘኛል?" አልኩት።

"ዳቡስ ላይ አዙሪት አይተሻል? መዳቡን ስታንቀሳቅሺው ውስጡ የኤሌክትሪክ አዙሪት ይነሳል። አዙሪቱ ራሱ ማግኔት ይሆንና የወለደውን እንቅስቃሴ ይቃወማል።"

"የወለደውን?"

"የወለደውን። እንዳንቺ" አለና እናቴን አይቶ ሳቀ።

ሴቶቹም ተራ በተራ ሞከሩ። ሱብሃነላህ ያላለች አልነበረችም። አሻ መዳቡን ይዛ ወዲያና ወዲህ ስትል ቆይታ እጇን አገላብጣ አየች፣ የቀረባት ጣት እንዳለ የምትቆጥር ትመስል ነበር።

ከዚያ ሞተሩን ከዲስኩ ጋር አገናኘነውና አስነሳነው። መምህር ገመቹ ወደ ጥቅልሎቹ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ሲጨምር ሞተሩ አቃሰተ፣ ዲስኩ ጋለ፣ ፊታችን ላይ የሙቀት ንፋስ መጣ። ገመድ የለም፣ ጭስ የለም፣ ጭቃ ላይ የሚዘረጋ ጎረምሳ የለም። የአንድ ሙሉ ወፍጮ ሸክም ከአየር ተሠርቶ ሞተሩ ትከሻ ላይ ተጫነ፤ ሞተሩም ቻለው። ሴቶቹ እልል አሉ።

በደስታው ሞቅታ ሌሎቹንም ሳጥኖች ከፈትን። ሁለተኛው ትንሽ፣ የሚያምር፣ ድምፅ የሌለው ፍሬን ነበር። ውስጡ ያለው ብረት ማግኔት አንዴ ካሳየው አቅጣጫ በቀላሉ አይዞርም፣ የተደረገበትን ያስታውሳል። ስለዚህ ዘንጉ ቢፈጥንም ቢዘገይም እኩል ይይዛል፣ እንደ ሐር ለስላሳ ሆኖ። መምህር ገመቹ "ቂመኛው" ብሎ ሰየመው። ግን የአየር ማራገቢያ ለምታክል ሞተር ነው የሚሆነው፣ የኛን ወጠምሻ አይችልም። ሦስተኛው ከባድና ድፍን ነበር። በሁለት የብረት ግድግዳዎች መካከል ላመ ያለ የብረት ዱቄት አለው፤ ኤሌክትሪክ ሲገባ ዱቄቱ እርስ በርሱ ተያይዞ ዘንጉን ያንቃል። መምህሬ ከፍቶ ሲያየው እርጥበት አግኝቶት ተጓጉሏል። "ይሄ ደግሞ ብዙ ሲሮጥ የሚግል፣ ክረምት የማይስማማው ነው። አዙሪቱ እያለልን ምን አደከመን" ብሎ ከደነው።

ሞተሩ ወደ መንደር ተመለሰ። መምህር ገመቹም አብሮን መጣ፤ ከሰዓት በኋላ ተከልን፣ ቀበቶውን አጠለቅን፣ ማለዳ ሊመረቅ ተቀጠረ።

እዚህ ላይ አንድ የመንደራችንን ወግ መንገር አለብኝ። የኛ ሴቶች ፈጭተው ሲጨርሱ ድንጋዩን ባዶውን አያሳድሩትም። አንድ እፍኝ ማሽላ ይተዉለታል፣ እንዳይርበው። ወጉ ከእጅ ወፍጮ ወደ ናፍጣው ተሻግሮ ነበር፤ ምንም ጉዳት አላመጣም፣ ምክንያቱም አቶ ሙሳ መጀመሪያ ናፍጣውን አስነስቶ በደንብ ከሮጠ በኋላ ነው ቀበቶውን ወደ ወፍጮው የሚያዞረው፤ አዲሱ ሞተር ግን ድንጋዩን ይዞ ከቆመበት መነሳት ነበረበት። እኛ ስናድግ የኖርንበት ነገር ስለሆነ ለመምህሬ መንገር በሐሳቤም አልመጣም። በዚያ ላይ ያን ምሽት ሴቶቹ አዲሱን ሞተር ሊያከብሩት ፈለጉ። የማኅበሩ አባል ሁሉ እየመጣች የራሷን እፍኝ ጨመረች፣ እየመረቀች። ሌሊቱን ዘነበ፣ እህሉ እርጥበት ጠጥቶ አበጠ።

ጠዋት መንደሩ በሙሉ ተሰብስቦ ማብሪያውን ተጫንኩ። ሞተሩ እምምም አለ። አልዞረም። ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው መቆጣጠሪያ ቷ ብሎ ወረደ። መለስኩት፤ አሁንም እምምም፣ የቫርኒሽ ሽታ መጣ፣ መምህር ገመቹ "በቃ፣ ይቃጠላል!" ብሎ እጄን ያዘ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። አቶ ሙሳ ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቀም። ወደ እናቴ ቀርቦ ዝግ ባለ ድምፅ "ሐዋ፣ ናፍጣው እኮ ኩርሙክ ደርሷል" አላት። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደችና ሞተሩን አየችው፣ ከዚያ እኔን። አልወቀሰችኝም። የጠበቀችው አንድ ነገር እንድናገር ነበር።

ከወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ወጥቼ እጄን ዝናብ ላይ ዘረጋሁ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። መዳቡ ትዝ አለኝ፤ ስገፋው የያዘኝ፣ ቆም ሳደርገው ግን ባዶ አየር ሆኖ የለቀቀኝ። ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት ይሄን ነው። ስንቀሳቀስ ብቻ ነበር የያዘኝ።

"መምህር" አልኩ ስመለስ፣ "አዙሪቱ የቆመ ነገር አይይዝም። የፈተንነው ሞተሩን ሲሮጥ ነው። ያን ሁሉ እህል ይዘህ መነሳት ትችላለህ ወይ ብለን አልጠየቅነውም።"

መምህር ገመቹ ባርኔጣውን አወለቀ። ያን ያህል ዘመን ስማር ያለ ባርኔጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "አልጠየቅነውም" አለ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ እንዳይናጋ ትልቅ ሞተር ሲነሳ በሙሉ ጉልበቱ ሳይሆን ኃይሉን ቀንሶ እንደሚጀምር ለራሱ እያጉረመረመ ነበር። "ማን ይጠይቅልን ታዲያ?"

"ዱቄቱ። እሱ የቆመውንም ይይዛል።"

በወፍጮው ዘንግ ላይ ረጅም የብረት ዱላ አሰርን፣ ጫፉን በሚዛን እየጎተትን ድንጋዩን ለመቀስቀስ የሚያስፈልገውን ጉልበት ለካን። አንዴ የሴቶቹ እፍኝ ሁሉ እያለ፣ ሌላ ጊዜ ጠርገን አንድ እፍኝ ብቻ ትተን። ሞተሩን ነቅለን ከነአስታማሚዎቹ አሶሳ ተመለስን። የዱቄቱን ፍሬን ፈትተን የተጓጎለውን ብረት በቆርቆሮ ላይ አደረቅን። የተጣበቀውን ማላቀቅ ሲያቅተን እናቴ ከስንቋ ውስጥ ወንፊት አወጣች። አሻ አፏን በሻሽ አስራ ብረት ነፋች፤ ጥቁር፣ ልም ያለ ዱቄት ከወንፊቱ ሥር እየወረደ።

"ኡስታዝ፣ ይሄ ማን ነው ፈጨው?" አለች፣ በጣቶቿ መካከል እያሸች።

መምህር ገመቹ ፍሬኑን ገጥሞ የዘንጉን እጀታ አስያዛት። በነፃ አዞረችው። ኤሌክትሪኩን ሲያስገባ እጀታው እጇ ላይ ደረቀ፣ በሁለት እጇም ብትገፋው ንቅንቅ አላለም። ሲያጠፋው መልሶ ለቀቃት። እንደገና አስደረገችው፣ ደጋግማ። ከዚያ እጀታውን ለቀቀች።

"እኔ ዕድሜ ሙሉ ድንጋይ ይዤ ዱቄት ሠራሁ" አለች። "እሱ ዱቄት ይዞ ድንጋይ ሠራ።"

እኔ አልቅሻለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ በደንብ አላውቀውም። አንድ ሰው ዓለምን ሁለቴ እንደ አዲስ የሚያይበት ሳምንት ስንቴ ይገጥመዋል?

ፈተናው አጭር ነበር። ዱቄቱን እንደ አንድ እፍኝ ሸክም አድርገን ሞተሩን ጠየቅነው፤ ተንቀጥቅጦ ተነሳ። ደገምነው፣ ተነሳ። እያከበድን ሄድን፤ የሴቶቹ እፍኝ ሁሉ ከነበረበት ልክ ገና ሳንደርስ እምምም ብሎ ቀረ። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ያቃተው ምርቃቱ ነው።

መንደር ስንመለስ ይህን ለማኅበሩ መንገር የእናቴ ፋንታ ሆነ። አንድ ብቻ ይችላል ስትላቸው ሴቶቹ አኮረፉ፤ የማን እፍኝ ይቀራል፣ የማን ይጠረጋል? አንዷ እንዲያውም ወጉ ይቅር አለች። እናቴ ግን "አይቀርም" አለች። "ሞተሩ በአንድ እፍኝ እንደሚነሳ አይቻለሁ። የኔን አንሱት፣ የአሻ ይሁን። እኔ የምጨምርበት ቀን ሲደርስ ይደርሳል።" ቃሏን ለማስከበር ስትሟገት የከረመችው ሴት ክብሩን ለሌላ ሰጥታ ቁጭ አለች።

አሻ እፍኟን ጨመረች። ማብሪያውን ተጫንኩ። ሞተሩ እምምም አለ፣ ቀበቶው ተወጠረ፣ ምንም አልሆነም። በዚያች ቅጽበት እናቴ እጇን እንደ ሕፃን ግንባር ሞተሩ ላይ አድርጋ በቋንቋችን አንድ ቃል በሹክሹክታ አለች። ድንጋዩ ገረር አለ። ቀበቶው ዞረ፣ እፍኙ ደቀቀ፣ የወፍጮ ቤቱ ወለል ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ፣ የመጀመሪያው ዱቄት ነጭ ሆኖ ወረደ። አቶ ሙሳ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠጋ። "ይናገራል እንዴ ይሄም!" አለ።

ዛሬ ተማሪዎቼ ከሦስቱ የቱ ይበልጣል ብለው ይጠይቁኛል። ፈተና ላይ የሚጻፈውን መልስ እነግራቸዋለሁ፤ አዙሪቱ ለረጅም ሩጫና ለከባድ ሞተር፣ ቂመኛው ለትንሽና ለስስ ሥራ፣ ዱቄቱ ከቆመበት ለሚጀምር። ከዓመታት በኋላ ጉባ ሄጄ የታላቁን ግድብ ተርባይኖች አይቻለሁ፤ የእጄ ፀጉር ቆሟል። ግን በልቤ የምለው ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የሚመዘነው ሲሮጥ ነው፣ ስንት ተሸከመ፣ ምን ያህል ፈጠነ እየተባለ። ለመነሳት ምን ያህል እንደጠየቀው የሚለካለት የለም።

አውቶቡሱ ባምባሲ ካወረደኝ በኋላ በባጃጅ ወደ መንደር ገባሁ። እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጉልበቷ ከከዳት ሁለት ክረምት አለፈ። ሰላምታችንን ሳንጨርስ የአሱር ሶላት አዛን ተሰማ። ላነሳት እጄን ዘረጋሁ።

"ተይኝ" አለች።

ተውኳት። መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ወደ ፊት ዘመም አለች፣ ቆየች። ክንዶቿ ተንቀጠቀጡ። በመቀመጥና በመቆም መካከል ያለች ያቺ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ቀረች፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ፣ የማውቀው ትምህርት ሁሉ ጠፍቶብኝ። ከዚያ ተነሳች። የውዱእ ውሃ የያዘ ጆጓን ይዛ ወደ ጓሮ ስትሄድ ዞር ብላ አየችኝ።

"ምን ትኩር ብለሽ ታያለሽ?"

"አንቺን፣ እማ" አልኳት።